አንቴና አትግዙ፤ ከፍታ ግዙ!

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ አሰቦት አዙረው... ኧረ በዛ! መልስ! መልስ! መጣ፣ መጣ... አቦ፣ ሄደ!»

ሚኤሶ ያደገ ሰው ይቺን ንግግር በቃሉ ያውቃታል። አንዱ ልጅ ቆርቆሮው ላይ፣ ሌላው መስኮቱ ስር፣ ትልቁ ሰውዬ ደግሞ ከበርጫው ሳይነሳ ትእዛዝ ይሰጣል። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሁልጊዜ ከቤቱ ልጆች ቀላሉ ነው፤ ቆርቆሮው እንዳይሰረጉድ። እኛም በየተራችን ወጥተናል። ያኔ አንቴናው የኢቲቪ ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ወደ ዲሽ ገብቷል፤ የባህር ዛፉ አጣና ግን እዚህም እዚያም አሮጌ አንቴናውን እንደተሸከመ ቆሟል፤ የወፍ ማረፊያ ሆኖ።

ይሁንና ይህን ያስጻፈን ትዝታ አይደለም። ንዴት ነው።

ባለፈው ለበዓል ወደ ሚኤሶ ስንወርድ አጎታችን ጣሪያ ላይ አዲስ ነገር ተተክሎ አገኘን። በፕላስቲክ ያጌጠ፣ የአውሮፕላን ክንፍ የሚመስል፣ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ አንቴና። ከስሩ ሞተር አለው፤ በሪሞት ይዞራል። ከሬዲዮው ጎን ደግሞ አረንጓዴ መብራት የምታበራ ትንሽ ሳጥን ተቀምጣለች፤ ስሟ «ቡስተር» ነው። አጎታችን ይህን ሁሉ ጭሮ ካለ አንድ ሱቅ ለመግዛት አንድ ሙክት ሸጠዋል። ልብ በሉልን፣ ሙክቱ የተሸጠው ለቴሌቪዥን አይደለም። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጥርት ብሎ እንዲገባላቸው ነው።

ሬዲዮውን ከፈቱልን። ሽሽሽሽ... ሞተሩን አዞሩት። ሽሽሽሽ... ቡስተሩን ከፍ አደረጉት። አሁን ሽሽታው ለጎረቤትም ተሰማ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የቴሌቪዥን አንቴና ነው» አልናቸው።

«ሁሉንም ይስባል ብሎኛል ልጁ» አሉን። ቆየት ብለው ደግሞ፣ ዝቅ ባለ ድምጽ፣ «ምናልባት እኔ አዟዟሩን ሳላውቅበት ቀርቼ ይሆናል።»

ያናደደችን ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ሰውየው ሙክታቸውን ሰጥተው የማይሰራ ነገር ተሸከሙና ጥፋቱን ወደ ራሳቸው መለሱት! እዚህ ሀገር ዕቃ አልሰራ ሲል ጥፋተኛው ምንጊዜም ገዢው ነው፤ «አላወቅክበትም» ይባላል። እስቲ ዛሬ እንኳ ጥፋቱን ወደሚገባው ቦታ እንመልሰው።

ነገሩ ከመለኪያ ይጀምራል፤ መለኪያው ደግሞ ቴክኒሻን አይጠይቅም። ኤፍ ኤም የሚተላለፈው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሞገድ ነው። የአንዱ ሞገድ ርዝመት ሶስት ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ሞገድ በደንብ የሚይዝ ዘንግ የሞገዱ ግማሽ መሆን አለበት፤ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። በክንድ ከለካችሁት ሶስት ክንድ። አሁን አጎታችን ጣሪያ ላይ ወዳለው ጌጠኛ ዕቃ ተመለሱ። አብዛኛዎቹ ቅርንጫፎቹ ከስንዝር ብዙም አይበልጡም፤ የተሰሩት ከ470 ሜጋ ኸርዝ በላይ ላለው የቴሌቪዥን ሞገድ ነው። ረዘም ያሉት ጥቂቶቹ ደግሞ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው፤ እነሱም በ200 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ላለው የድሮው የቴሌቪዥን ሞገድ የተለኩ ናቸው። ለኤፍ ኤም የተለካ አንድም ዘንግ የለበትም! የልጅ ጫማ ለአዋቂ እንደመሸጥ ነው። ሃያ ጥንድ የልጅ ጫማ በአንድ ላይ ቢታሰርም ለአዋቂ እግር ያው የልጅ ጫማ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይኸውላችሁ፦ ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ቅርንጫፉን ከመቁጠራችሁ በፊት ለኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ካልሆነ፣ ባለሱቁ ምንም ቢምል፣ ሙክታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ስለ ቡስተሯም አንድ ነገር እንበል፤ ከሁሉ በላይ ሰው የሚሸወደው በእሷ ነውና። ቡስተር የሚመጣውን ያጎላል እንጂ የማይመጣውን አያመጣም። ሬዲዮው ውስጥ ከሚሰማው አስሩ እጅ ዘጠኙ ሽሽታ ከሆነ ቡስተሯ ዘጠኙንም አንዱንም እኩል ታጎላቸዋለች፤ የራሷንም ሽሽታ ትጨምርበታለች። ቡስተር የሚጠቅምበት ቦታ የለም አላልንም። አንቴናው በደንብ እየያዘ ገመዱ ግን በጣም ረጅም ከሆነ፣ ወይም አንዱን አንቴና ለብዙ ክፍል የምታካፍሉ ከሆነ፣ ያኔም ከሬዲዮው ጎን ሳይሆን ላይ ምሰሶው አናት አንቴናው ስር ተገጥማ ትረዳለች። ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጣ አረንጓዴ መብራት የምታበራ ቡስተር ግን ጥቅሟ ለመብራቷ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሙግታችን እንግባ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «የትኛው አንቴና ይሻላል?» ብሎ ነው። እኛ የምንለው ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ሚኤሶ ላይ ሆኖ ይህን መጠየቅ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ «የትኛው መነጽር ይሻላል?» እንደማለት ነው። መጀመሪያ ከጉድጓዱ ውጣ!

የኤፍ ኤም ሞገድ ከአጭር ሞገድ ጋር አይመሳሰልም። አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ ይመለሳል፤ አባቶቻችን ጆሯቸውን ፊሊፕሷ ላይ ደግፈው ከለንደንና ከኮሎኝ ዜና የሚሰሙት ለዚህ ነበር። ኤፍ ኤም ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ እንደ ባትሪ ብርሃን። ተራራ ሲገጥመው ይቆማል፣ የምድር ጉብጠት ሲገጥመውም እንደዚያው። ስንት ኪሎ ሜትር ድረስ እንደሚደርስ በግምት ማስላትም ቀላል ነው፤ የማሰራጫውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ማባዛት፣ የራስን አንቴና ከፍታም እንዲሁ አድርጎ ሁለቱን መደመር። ሜዳ ላይ የቆመ 100 ሜትር ማማ 41 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። ጣሪያችሁ ላይ 9 ሜትር ከፍታ ያለው አንቴና 12 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ድምሩ 53። ከዚያ በኋላ ያለው ጥላ ነው፤ ምንም እንኳ ጥላ ውስጥም ትንሽ ትንሽ ብርሃን መግባቱ ባይቀርም።

አሁን ሚኤሶን ካርታው ላይ አስቀምጧት። ከድሬ ዳዋ በአየር 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ 220 ገደማ። ከአዳማም 180። የአዲስ አበባው ማሰራጫ ፉሪ ተራራ አናት ላይ ቢቆም እንኳ ፉሪ ከሚኤሶ የሚበልጠው 1500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ስሌቱ 160 ኪሎ ሜትር ይሰጠናል፣ የኛን 12 ስንጨምርበትም 220 አይሞላም። በመካከል ያለውን ተራራ ገና አልቆጠርንም! ስለዚህ ሚኤሶ ሆኖ የአዲስ አበባን ጣቢያ እንዲስብለት ትልቅ አንቴና የሚገዛ ወገናችን ካለ በአክብሮት እንነግረዋለን፦ ከምድር ጉብጠት ጋር ተጣልተሃል፤ እሷ ደግሞ አትሸነፍም። (አንዳንድ ሌሊት ጎህ ሳይቀድ ሩቅ ያለ ጣቢያ ድንገት ጥርት ብሎ ገብቶ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። ይህ እውነት ነው፤ ቀዝቃዛውና ሞቃቱ አየር በተደራረበ ጊዜ ሞገዱን ስለሚያጎብጠው ነው። አንቴናው ገበያውን ያዘ ብላችሁ ለጎረቤት እንዳታወሩ። ነገ ያሳፍራችኋል።)

በደቡብ በኩል ደግሞ የጨርጨር ተራሮች አሉ። ጭሮ በአየር ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ነገር ግን ወደ 500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ደጋው ውስጥ ገብታለች። እዚያ ከተማዋ መሃል የሚያስተጋባ ድምጽ ከተራራው ጠርዝ ወዲህ ሲወርድ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ በመንገዱ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ይነግራችኋል፤ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሬዲዮውን ትቶ ፍላሽ ይሰካል።

ለዚህ ነው ርዕሳችን ላይ ከፍታ ግዙ ያልነው። አንቴናችሁን ከ3 ሜትር ወደ 12 ሜትር ብታወጡት የሚያየው ርቀት እጥፍ ይሆናል። ከርቀቱም በላይ የሚገርመው የጉልበቱ ነገር ነው፤ ከመሬት አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ የአንቴናው ከፍታ በተጠፈ ቁጥር የሚይዘው ጉልበት አራት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህን የሚሰጣችሁ ቡስተር የለም፤ ሽሽታ ሳይጨምር ነዋ። ታዲያ ከፍታ ምን ያስከፍላል? የባህር ዛፍ አጣና። ወይ የውሃ ቧንቧ። ከሙክት ይልቅ ለዶሮ የሚቀርብ ወጪ።

አጎታችን ቤት ያደረግነውን እንንገራችሁ። ሞተሩንም ቅርንጫፉንም አወረድነው። (ቅር ብሏቸዋል፤ ከታች ሲታይ ግርማ ነበረው።) ከብረታ ብረት ሱቅ ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ ገዛን። 143ን ለምትፈልጉት ጣቢያ ቁጥር ብታካፍሉ የዘንጉን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ፤ ለ98 ሜጋ ኸርዝ 146 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን መሃል ለመሃል ቆርጣችሁ ሁለት ክንፍ ታደርጉታላችሁ፣ ክንፎቹ እንዳይነካኩ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ትለያያላችሁ፣ የገመዱን መሃል ሽቦ በአንዱ፣ ዙሪያውን ያለውን መረብ በሌላው ታስራላችሁ። አንቴና ማለት ይሄው ነው። ከኋላው ያልተቆረጠ 152 ሳንቲ ሜትር ዘንግ፣ ከፊቱ 136 የሚሆን ሌላ ዘንግ 60 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ ካቆማችሁ ደግሞ አቅጣጫ የሚመርጥ አንቴና ሆነ፤ ከፊቱ የሚመጣውን ሶስት እጥፍ ገደማ አጉልቶ ይይዛል፣ ከኋላው ላለው ጀርባውን ይሰጣል። ኋላ ያለው ይመልሳል፣ ፊት ያለው ይመራል።

የዚህ አንቴና ታሪክ ራሱ አንድ ቁምነገር አለው። በ1926 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሺንታሮ ኡዳ የተባለ ወጣት ተመራማሪ አለቃው ከነበረው ከሂዴትሱጉ ያጊ ጋር ሆኖ ሰራው። ብዙውን የሰራው ኡዳ፣ ዓለም የሚጠራው ግን «ያጊ» እያለ ነው። (ለኛ ሀገር ወጣት ተመራማሪዎች አዲስ ነገር አይሆንባችሁም።) ሀገሩ ጃፓንም ለጊዜው ዞር ብላ አላየችውም። ጦርነቱ መጥቶ በ1942 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖርን ሲይዙ ከእንግሊዞች በተማረከ የራዳር ማስታወሻ ላይ «ያጊ» የሚል ቃል አገኙና ምን ማለት እንደሆነ ምርኮኛውን ጠየቁት ይባላል። የሰራኸውን ነገር ሌላው ተጠቅሞበት ስሙን መልሰህ ከምርኮኛ መጠየቅ! እኛም ሽቦውና ቱቦው ከጓሯችን ሞልቶ ከውጭ የመጣ ፕላስቲክ ስንገዛ ከዚህ አንለይም።

ሁለት ነገር ግን ሰው ይረሳል። አንደኛው ዘንጎቹ ተኝተው ይሁኑ ቆመው የሚለው ነው። የድሮ የቴሌቪዥን አንቴና ስለተኛ ሁሉም ሰው አስተኝቶ ይሰቅላል። ነገር ግን ብዙ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የመኪና አንቴና የቆመ ስለሆነ ሞገዳቸውን አቁመው ወይም ቀላቅለው ይለቃሉ። የቆመውን ሞገድ በተኛ ዘንግ መያዝ ጉልበቱን በብዙ እጥፍ ያሳጣል። ስለዚህ አንዴ አስተኝታችሁ፣ አንዴ አቁማችሁ ስሙት፤ ጆሯችሁ ይፈርዳል። እኛ ስናቆመው ነው አጎታችን ከፍራሻቸው ብድግ ያሉት። ሁለተኛው ገመዱ ነው። በየቤቱ ያለው የዲሽ ገመድ፣ ያ 75 ኦም የሚባለው ወፍራም ገመድ፣ ለዚህም ይሆናል፤ 15 ሜትር ቢረዝም የሚበላው ጥቂት ነው። ተራ የመብራት ሽቦ ቀጥላችሁ ግን ቤት ድረስ አትጎትቱ፤ ቤት ውስጥ ያለውን የአምፖልና የቻርጀር ጩኸት ሁሉ ለቅሞ ያመጣዋል። ጫፉ ላይ መሃል ሽቦውን ከሬዲዮው አንቴና ጋር በመቆንጠጫ ማያያዝ ይበቃል። የድሮ የመኪና ቴፕ ካላችሁ ደግሞ ከዚያ የተሻለ የኤፍ ኤም ተቀባይ በቀላሉ አታገኙም፤ የገመድ መሰኪያ አለው፣ በ12 ቮልት ባትሪ ይሰራል፣ መብራት ሲጠፋም አይደነግጥም።

ስለ መብራት ካነሳን፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ምሰሶው ቢወድቅ የመብራት ሽቦ የሚነካበት ቦታ ላይ አትትከሉ። ከቁመቱ በላይ ራቁ። ከአዲሱ ባቡር ሀዲድ በላይ ያለው ሽቦ ደግሞ 25 ሺህ ቮልት ነው፤ እሱ ዘንድ በጭራሽ! የብረት ምሰሶ ከሆነም ከስሩ በወፍራም ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይታሰር። መብረቅና ደመና ሲሰማ ገመዱን ከሬዲዮው ንቀሉት፣ ጣሪያውም ላይ ልጅ አይውጣ።

እስካሁን ያለውን የሚሰማን የሸገር ልጅ ሳቁን እንዳፈነ ይታየናል። «ኧረ ወገን፣ የምን ቱቦ ነው? ስልክህን አትከፍትም? ሬዲዮ ሁሉ እኮ በኢንተርኔት አለ!» ይላል። ይህን ክርክር በቁም ነገር እንመልሰው፤ ያለ ሰው ስለሌለ ሳይሆን ሁሉም ሰው ስለሚለው።

የመጀመሪያው መልሳችን ቀኑን ያውቃል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሶስት ሳምንት ገደማ በመላው ሀገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ወገን ከወገን ዜና በሚጠያየቅበት፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ሰው ሁሉ በጭንቅ በሚፈልግበት ጊዜ። በ2011 ዓ.ም. ሰኔም ተዘግቶ ነበር። ያኔ በየቤቱ የተፈለገው ያ የተናቀው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው አላልንም (ኧረ ፈጽሞ!)፤ ግን ሁለት ሶስት ጣቢያ የሚገባለት ሰው አንዱን ከሌላው ያመዛዝናል። አንድም የማይገባለት ሰው የሚያመዛዝነው ወሬን ከወሬ ጋር ነው።

ሁለተኛው መልሳችን ስልኩ ራሱ ነው። በስልክ ኤፍ ኤም ስትሰሙ የጆሮ ማዳመጫው ካልተሰካ ለምን እምቢ እንደሚል ታውቃላችሁ? ገመዱ አንቴናው ስለሆነ ነው። ያውም ልኩ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ አጋጣሚ ነው ግን ደስ ይላል። አሁን አምራቾቹ የማዳመጫውን ቀዳዳ እየደፈኑት፣ ኤፍ ኤሙንም እያስቀሩት ነው። የህንድ መንግስት በ2023 እ.ኤ.አ. ለስልክ አምራቾች ኤፍ ኤሙን እንዳትዘጉ፣ በአደጋ ጊዜ ለህዝብ የሚደርሰው እሱ ነው ብሎ ምክር አውጥቷል። ህንድ ኢንተርኔት የሌላት ሀገር ሆና አይደለም። እኛ ጋ ይህን የጠየቀ ባለስልጣን ካለ እሰየው፤ ከሌለ ግን ጥያቄው ነጻ ነው፣ ይውሰዱት።

«ኖርዌይ እንኳ ኤፍ ኤም ዘግታለች» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውርዳለች። ግን መጀመሪያ በየተራራው ዲጂታል ማሰራጫ ተክላ ነው የዘጋችው። ኖርዌይ የተራራ ሀገር ናት፤ ሰዎቿ ፊዮርድ ውስጥ ናቸውና ይቅርባቸው አላለችም። እኛ ከኖርዌይ መዝጋቷን ብቻ መኮረጅ የምንፈልገው ለምንድነው? መትከሏንስ?

እንግዲህ የንዴታችን ሁለተኛው አድራሻ ላይ ደረስን። ባለሱቁን ወቅሰናል፤ እሱ ግን ትንሹ ነው። አጎታችን በዚህ ዕድሜያቸው ስለ ሳንቲ ሜትርና ስለ ዘንግ የሚማሩት ለምንድነው? ቀጥተኛው መልስ፣ ጣቢያዎቹ ወደ ሚኤሶ ስለማያዩ ነው።

ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ስማቸው ራሱ ይናገር ነበር፤ ጉዳያቸው ከአዲስ አበባ ጋር ነው። ያንን አንከሳቸውም። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ወደ ክልሎች ወረደ፤ ድሬ ዳዋም፣ ሐረርም፣ ሀሮማያም ጣቢያ አላቸው። ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ማሰራጫ የሚተከለው ከተማ ለከተማ ነው። ከድሬ ዳዋ እስከ አዋሽ ያለው የቆላ መስመር ከሁለት ከተሞች መካከል የቀረ መተላለፊያ ሆኖ ነው የሚታሰበው። አፍደምም፣ ሚኤሶም፣ አሰቦትም፣ ቦርደዴም ሰው የሚያልፍባቸው እንጂ ሰው የሚያዳምጥባቸው አይመስሉም።

ይህ የሚያስቀው (ወይ የሚያስለቅሰው) ሚኤሶ ምን እንደሆነች ሲታሰብ ነው። የድሮው ምድር ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ ዳዋ ደርሶ፣ በሚኤሶ በኩል አልፎ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ። አዲሱ ኤሌክትሪክ ባቡር ሲሰራ ደግሞ አንዱ የቻይና ኩባንያ ከሰበታ ተነስቶ፣ ሌላው ከደወሌ ተነስቶ የተገናኙት ሚኤሶ ላይ ነው። መስመሩ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ብረቱ ሚኤሶ ላይ ተጋጠመ። ሞገዱ ግን ሚኤሶ ላይ ይለያያል፤ የአዲስ አበባውም እዚህ ሳይደርስ ያልቃል፣ የድሬ ዳዋውም እዚህ ሲደርስ ትንፋሹ ያጥራል። ሀገሪቱ ከጅቡቲ የምታስገባው ኮንቴይነር በደጃችን ሲያልፍ ጥርት ብሎ ይሰማናል። የሀገሪቱ ወሬ ነው የማይሰማን።

መፍትሄውም ቢሆን ከተራራ ላይ የሚታይ ነው፤ ቃል በቃል። ቅድም ያልነውን ስሌት ለጨርጨር ጠርዝ ተጠቀሙበት። ቆላውን ቁልቁል የሚያይ፣ ከሚኤሶ 500 ሜትር ከፍ ያለ አንድ ቦታ ላይ ማሰራጫ ቢተከል 92 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። ሚኤሶንም፣ አሰቦትንም፣ ቦርደዴንም ሸፍኖ ወደ አዋሽ ይጠጋል። ከተማ መሃል ሳይሆን ጠርዙ ላይ! ትልቅ ጉልበት አያስፈልገውም፤ ከፍታው ይሰራለታል። ለአጎታችን ጣሪያ ያልነው ለጣቢያም ያው ነው፤ እነሱም አንቴና ሳይሆን ከፍታ ይግዙ።

ህጉም አይከለክልም። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ 533/1999 ህዝባዊ፣ የንግድና የማህበረሰብ ብሎ ሶስት ዓይነት ፈቃድ ለይቶ ነበር፤ እሱን የተካው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013ም የማህበረሰብ ሬዲዮን በሩን ክፍት አድርጎለታል። በሚኤሶ ገበያ ኦሮምኛም ሶማሊኛም አማርኛም በአንድ ፍየል ዋጋ ላይ ሲከራከሩ ይውላሉ። ሶስቱንም የሚናገር አንድ ትንሽ ሬዲዮ የገበያውን ዋጋ፣ የዝናቡን ነገር፣ የከብቱን ክትባት ቀን፣ ሲከፋም የሰላሙን ጉዳይ ለሶስቱም እኩል ቢያሰማ ማን ይጎዳል? ፈቃድ ሰጪው መስሪያ ቤት ጣቢያዎችን ስትጠይቅ «ስንት ክልል ትደርሳላችሁ?» ብቻ አትበል። ሚኤሶ ላይ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በራሷ አንቴና፣ ያለ አጣናና ያለ ቱቦ ምን ትሰማለች ብለህ ሰው ላክ። የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ እንደማያሳልፍ ያን ቀን በካርታ ሳይሆን በጆሮህ ትረዳለህ።

እስከዚያው ድረስ ቱቦ እየቆረጥን ነው። አጎታችን አሁን ከድሬ ዳዋ በኩል የሚመጣውን ጠዋትና ማታ ጥርት አድርገው ይሰማሉ፤ ቀትር ላይ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፣ እሳቸውም «እሱም ሙቀቱ በርትቶበት ነው» ይላሉ። የኋላ በር ጎረቤታቸው እትዬም አይተው «ለኔስ?» ብለዋል፣ የፊት ለፊቱ ሻይ ቤትም ጠይቋል። ለእሁዱ ኳስ ሳይደርስ ሁለቱን ልንሰቅል ቀጠሮ ይዘናል። ሞተሩና ቡስተሩ ወደ ሱቁ ተመልሰው ነበር፤ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» ተብለው አሁን ጓሮ ዶሮዎቹ አጥር ላይ ናቸው። ሪሞቱ ግን እስካሁን ይሰራል፤ ህጻናቱ ሲጫኑት አንቴናው አጥሩ ላይ ይዞራል፣ ዶሮዎቹም ይበተናሉ።